ምላጭ የነካው መስመር

«ጉቦ ያልበላ እጅ መስመር እንዲህ አያጎብጥም!» የሚለው ድምፅ ስሱን የጣውላ ግድግዳ አልፎ ካርታ ቤት የገባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ተናጋሪው በፕላን መምሪያው ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ባለሙያ ነበር። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም፤ የሚያስቅ ነገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነው፤ አጠገቡ ያሉትም ሳቁለት። የካርታ ቤቷ ኃላፊ የአቧራ ጨርቋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እጁ የሚታማው ነዳፊ አባቷ ነው። ወጣቱ ይህን ቢያውቅ አፉን ይይዝ ነበር፤ ግን ከየት ይወቀው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በካርታ መሳቢያዎች መካከል አቀርቅራ በመኖሯ መሥሪያ ቤቱ «መሳቢያ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ እውነተኛ ስሟን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው ጠፍቷል። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋት ነበር፤ አሁን ግን «መሳቢያ» ሲሏት ሳታስበው «አቤት» ትላለች።

የዚያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ የሚታየውም የአረንጓዴው መስመር ጉዳይ ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ከተማው ሦስተኛውን ማስተር ፕላን ሲያወጣ፣ ቤት እስከዚህ ይሠራል፣ ከዚህ ወዲያ ግን የዛፍና የሣር ነው ተብሎ ዙሪያው በአረንጓዴ ቀለም ተከለለ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ወንዙ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ውስጥ ጎብጦ፣ ረባዳውን ሰፈር ውጭ ጥሎት ያልፋል። አሁን አንድ ኩባንያ ረባዳው ላይ ፎቅ ቤቶች ልሥራ ብሏል። ወጣቱ ባለሙያም ለጉብጠቱ የተጻፈ ምክንያት አላገኘሁም፣ ስለዚህ መስመሩ ይቃና የሚል ጥናት አቅርቧል። የረባዳው ነዋሪዎች በሙሉ ፈርመዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል! መስመር ውጭ ያለ መሬት ካሬው የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ አያወጣም፤ መስመር ውስጥ የገባ ዕለት ግን የአንድ ዓመት ደመወዝ ያወጣል። ከፈራሚዎቹ ዝርዝር አናት ላይ ያለችው ደግሞ የመሳቢያ አክስት ናት፤ የነዳፊው ታላቅ እህት።

መሳቢያ ከተማውን ከእግሯ ይልቅ በመሳቢያዎቿ ታውቀዋለች። ከሁሉ በታች ባለው ውስጥ ከተማው በመዳፍ ይሸፈናል፤ አንድ ገበያ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ በሁለቱ መካከል የሚጠማዘዙ መንገዶች፣ በቃ። በሁለተኛው ውስጥ አንድ ደፋር ሰው ተነሥቶ ሰፋፊ መንገዶች ቀዷል። በጊዜው «ይህ ሁሉ ስፋት ለማን ነው? ለአህያ?» ተብሎ ተሰድቧል አሉ፤ ዛሬ ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን የሚተላለፍበት መንገድ እሱ ነው። ሦስተኛው የፍሳሽ ቱቦዎቹን ይዟል። ማንም ሰው ቱቦ አይቶ አያደንቅም፤ መሳቢያ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እነሱን ነው። ከተማው መቶ ሺህ ሰው እንኳን ሳይኖረው የሚሊዮን ሰው ቱቦ የቀበሩት ሰዎች ገና ያልተወለደውን አስበው ነበር ማለት ነው። አራተኛው መሳቢያ ውስጥ አረንጓዴው መስመር አለ። መስመሩ ከወጣ በኋላ ከተማው በየአቅጣጫው መፍሰሱን ትቶ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ማደግ ጀመረ፤ ባዶ ግቢዎች ሞሉ፣ ውሃና መብራት ለሁሉም ለመድረስ በቁ፣ አሁንም ከየትኛውም ቤት በግማሽ ሰዓት አውቶቡስ ዛፍ ሥር መድረስ ይቻላል። እነዚያ ሰዎች ሐውልት የላቸውም። አብዛኞቹ ራሳቸው በቀበሩት ቱቦ ላይ እየተራመዱ፣ ማንም ሳያውቃቸው አርጅተው ሞቱ። ይህን ባሰበች ቁጥር ታዝናለች፤ ዛሬ ደግሞ ከሐዘኑ ጋር ንዴት ተጨመረበት።

ንዴቷ ሳይበርድ የአባቷን ንድፍ አውጥታ በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የተሠራው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የንድፍ ጨርቅ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ንድፎቹ ሁሉ ስካን ተደርገው ኮምፒውተር ውስጥ ከገቡ ወዲህ ዋናውን የሚጠይቅ የለም፤ እሷም ብትሆን በፊት በኩል እንጂ ከሥር አብርታበት አይታው አታውቅም። የጠረጴዛውን መብራት አበራችና መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎት እንኳን አንድ ቦታ አልወፈረም፣ አንድ ቦታ አልሳሳም። ጉብጠቱ ጋ ስትደርስ ግን ጎንበስ አለች። ከጎበጠው መስመር ወዲያ፣ በረባዳው ማዶ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሌላ መስመር አለ። ቀለም የለውም፤ ጨርቁ ግን እዚያ ላይ ተልጦ ሳስቷል። በጣቷ ስትዳስሰው ሻከራት። የድሮ ነዳፊዎች ሲሳሳቱ ቀለሙን በምላጭ ይፍቁ እንደነበር ታውቃለች። አባቷን ግን «እጀ ወርቅ» ያሰኘው አለመፋቁ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው ንድፍ ላይ ምላጭ አላሳረፈም እየተባለ ሲወራ ነው ያደገችው። እዚህ ግን ፍቋል። መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ አስምሯል፣ በኋላ ፍቆ አጉብጦታል። ስካኑ ቀለሙን እንጂ ጠባሳውን አላነሣውም።

«እውነት ይሆን እንዴ?» አለች ድምፅ አውጥታ፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ንድፉን መልሳ ብትቆልፍበት ማንም አይጠይቃትም፤ ስብሰባው የሚያየው ስካኑን ነው። አባቷ ለስብሰባው በደብዳቤ ተጠርቷል፤ ቀርቦ «አላስታውስም» ቢል በሰባ ሁለት ዓመቱ ማን ይይዘዋል? በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ጠባሳ ካየች በኋላ ሳትጠይቀው ማታ ፊቱን ማየት አትችልም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዋን ሳትቀምስ አውቶቡስ ያዘች። አውቶቡሱ ከመስመሩ ወዲያ ባለው ዛፍና ሣር ዳር ሲያልፍ፣ በቀን ሥራ የደከሙ ሰዎች ከዛፎቹ ሥር ጋደም ብለው፣ አንዲት ነርስም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘርግታ በመስኮቱ ይታያሉ። አንዳቸውም መስመር የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስቡ አይመስሉም። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ደስ ይላት ነበር።

አባቷ የሚኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ስድስት እርሳሶች ሁልጊዜ እንደተቀረጹ ይደረደራሉ፤ የሚስልባቸው ግን የለም። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ ሻይ እንኳን የሚጠጣው በትልቅ ኩባያ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ አስቀድቶ ነው። ለስብሰባው ብሎ ሸሚዙን ተኩሶ አልጋው ላይ ዘርግቶታል።

«አባዬ፣ ፍቀሃል» አለችው፤ ሰላም እንኳን ሳትለው።

የቱን ብሎ አልጠየቃትም። ኩባያውን አስቀመጠ። «አንዴ ብቻ» አለ።

ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነገራት። ዋናው መሐንዲስ ድንበሩን ቢሮ ተቀምጦ በማስመሪያ አሰመረው፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ጊዜ ግን አልነበረውም። አባቷ በየእሑዱ ደብተር ይዞ ወንዙን ተከትሎ ይሄድ ነበር፤ በየቤቱ እያንኳኳ፣ ወንዙ በሞላበት በዚያ ክፉ ክረምት ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ይጠይቃል። ለምን እንደሚጠይቅ ግን አይናገርም፤ ሰው ምክንያቱን ካወቀ ውሃውን ያሳንሰዋል ወይም ያተልቀዋል። በየቤቱ የሰማው ከማስመሪያው ጋር ተስማማ፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ረባዳው ነበር። ረባዳው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የእህቱ። እሷ ቤት የደረሰ ውሃ ሌላውን ሁሉ አልፎ ነው የሚደርሰው። በሯ ላይ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፣ ወንድሟ በመምጣቱ ደስ ብሏት። «ከበሩ ሲቆጠር እስከ ሦስተኛው ደረጃ!» አለችው እየሳቀች፤ ጫማዋ ተንሳፍፎ እንዴት እንደሄደባት በእጇ እያሳየች። ቢሮ ተመልሶ ግን እህቱ ከመስመሩ ውጭ እንዳትቀር መሐንዲሱ እንዳለው ቀጥ አድርጎ በቀለም አሰመረው። ማንም አያውቅም። ሁለት ቀን ንድፉን እያወጣ ሲያየው ዋለ። በሦስተኛው ቀን ምላጭ አነሣ። መሐንዲሱ ምክንያቱን ሰምቶ በራሱ ማስታወሻ ደብተር ጻፈው፣ ፈረመም፤ ንድፍ ላይ ምክንያት መጻፍ የነዳፊ ሥራ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር ደብተሩ የት እንደገባ አልታወቀም፤ መሐንዲሱም ሞቷል።

መሳቢያ እፎይ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ዛሬ ይህንኑ ትናገራለህ!»

«ፍቄያለሁ እላለሁ። ውሃ ነው ምክንያቱ እላለሁ። ማን እንደነገረኝ ግን አልናገርም፤ አንቺም እንዳትተነፍሺ።»

«ለምን? እሷ እኮ ናት የነገረችህ! እሷው ናት ዛሬ አንደኛ ሆና የፈረመችብህ!»

«እትዬ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ነው ነዳፊ ያደረገችኝ» አለ አባቷ። «ከዚያ በኋላ የሰው ልብስ በእጇ ስትሰፋ ዓይኗ ጠፋ። እኔ እሷ ባስተማረችው እጅ መስመር ውጭ አስቀረኋት። ስንት ዓመት ከቦኖ ውሃ ቀዳች፣ አንዲት ክፍል እንኳን ለመጨመር ፈቃድ ተከለከለች። መሬቷን ያረከስኩባት አንሶ፣ አሁን በሰው ፊት በገዛ ቃሏ ላሳፍራት? ሆድ ይፍጀው።»

ስለ ወንድምና እህቱ መሳቢያ የምታውቀው ነገር ቢኖር ተጣልተው እንደማያውቁ ነው፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። ሠርግ ላይ ይሳሳማሉ፣ ሐዘን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» ተባብለው ዝም ይላሉ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ «ና ቤቴ» ብላው አታውቅም፤ እሱም ሳይጠራ አልሄደም። ልጅ ሆና ምክንያቱን ስትጠይቅ አባቷ «መንገዱ ሩቅ ነው» ይላት ነበር። መንገዱ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞልቷል። የረባዳው ሰዎች ሁለት ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አክስቷ ከፊት፣ ከዘራዋን ጉልበቷ መካከል ተክላ። ወጣቱ ባለሙያ ስካኑን ግድግዳው ላይ አበራና አጥርቶ አስረዳ፤ መሳቢያ ብትናደድበትም ሥራውን የሚወድ ልጅ መሆኑን መካድ አልቻለችም። በየቦታው ለመስመሩ የተመዘገበ ምክንያት አለ፤ እዚህ ብቻ የለም። «ነዳፊው በራሱ ፈቃድ ያጎበጠው ይመስላል» ብሎ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አዛውንቱን ነዳፊ ሊጠይቅ ሲል መሳቢያ ትልቁን የካርቶን ማኅደር ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሣች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ አዳራሽ አፏን ከፍታ አታውቅም። «ስካኑ ሁሉንም አያሳይም» አለች። «ዋናውን እዩት።» ንድፉን የአዳራሹ ትልቅ መስኮት ላይ ዘርግታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ የከሰዓት ፀሐይ ከኋላው ገባችና ጠባሳው ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ፍቆታል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ጉምጉምታ ተነሣ። መሳቢያ ለአንድ አፍታ አባቷን በገዛ እጇ የሸጠችው መሰላት።

አባቷ ወንበሩን ይዞ ቆመ። «ልክ ነው፤ በምላጭ ፍቄዋለሁ» አለ። «ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል። ዓመት ዓመት ላይመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ግን እዚያ ድረስ ነው።»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አለ ሰብሳቢው፤ በአክብሮት ነበር የጠየቀው።

«ሰው ነገረኝ።»

«ማን?»

አባቷ ዝም አለ። ሰብሳቢው ጥያቄውን ደገመው። መሳቢያን ምላሷ ይበላት ነበር፤ ክንዷ ንድፉን እንደያዘ ዝሏል፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ አባቷ ነጻ ይወጣል። አባቷ ግን ቀና ብሎ አያት፤ ዋጠችው። የዚያን ጊዜ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አክስቷ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ መስኮቱ እየመጣች ነበር፤ ማንም አልከለከላትም። ንድፉ አጠገብ ስትደርስ አገጯን አንሥታ ዓይኗን አጠበበች፤ ግን አይታያትም።

«የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» አለች።

መሳቢያ አንድ እጇን ለቀቀችና የአክስቷን ጣት ይዛ በጠባሳውና በአረንጓዴው መስመር መካከል አኖረችው። ያ ጣት ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲዳስስ የኖረ የሰፊ ጣት ነው፤ ዓይኗ ያላየውን እሱ አገኘው። በተፋቀው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«መጀመሪያ ውስጥ ነበርኩ?»

«ነበርሽ» አላት ወንድሟ ከቆመበት ቦታ።

አክስቷ ጣቷን ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ አሉ፤ ከእሷ ጋር የፈረሙ፣ ከእሷ ጋር ከቦኖ ውሃ የቀዱ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች። «ከበሬ ሲቆጠር እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ነው የመጣው። ጫማዬን ወስዶብኛል።»

«እማማ፣» አለ ሰብሳቢው ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «መስመሩ ይቃና ብለው ፈርመዋል እኮ።»

«የፈረምኩት መሬቴ የኔ ነው ብዬ ነው። ውሃው ግን የኔ አይደለም፤ ልፈርምለት አልችልም።»

ከረባዳው ረድፍ አንዷ «እኛስ?» ስትል ተሰማች። አክስቷም «አንቺማ ከኔ በታች ነሽ፤ በጣራሽ ላይ ነው የሚያልፈው» አለቻት፤ እንዲያ በተጨነቀ አዳራሽ ውስጥ የተፈቀደ ይመስል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና መስመሩ ባለበት እንዲቆይ፣ ረባዳው ላይ ምንም ነገር እንዳይሠራ፣ ነዋሪዎቹ ለሠላሳ ስምንት ዓመት መጉላላታቸው ታይቶ ከፍ ባለ ቦታ ምትክ መሬት እንዲጠናላቸው ወሰነ። ወጣቱ ባለሙያ ደግሞ ደብተር ይዞ፣ በእግሩ፣ ቤት ለቤት እየጠየቀ የውሃውን ዳር እንዲመዘግብ ታዘዘ።

አዳራሹ ሲበተን ወጣቱ ፊቱ ቀልቶ ወደ መሳቢያ መጣና ንድፉን ሊጠቀልልላት እጁን ሰደደ። «አይጠቀለልም!» ብላ ጮኸችበት፤ ከዚያ ረጋ ብላ «ተዘርግቶ ነው የሚሄደው» አለችው። ሁለቱ በአራት እጅ ይዘው ማኅደሩ ውስጥ አስተኙት። «አባትዎ መሆናቸውን አላወቅኩም» አለ፤ «ስምዎንም በትክክል አላውቀውም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» መሳቢያ ጠዋት ያጠራቀመችውን ስድብ ፈለገችው፤ ግን የለም። «መሳቢያ በለኝ» አለችው። «ነገ በጠዋት ካርታ ቤት ና፤ ከመውጣትህ በፊት አባቴ የሄደበትን የድሮውን መንገድ ላሳይህ።»

ማኅደሩን አቅፋ ስትወጣ አባቷና አክስቷ የማዘጋጃ ቤቱን የውጭ ደረጃ ቀስ ብለው እየወረዱ ነበር፤ አንዳቸው ሌላውን የደገፉ ይምሰሉ እንጂ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ከኋላቸው ሆነች፤ ልትቀድማቸው አልፈለገችም።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?» አለች አክስቷ።

«ብነግርሽ ‘ተሳስቻለሁ፣ አልደረሰም’ ትይኝ ነበር።»

አክስቷ ሁለት ደረጃ ወረደች። «እል ነበር» አለች።

«እኔም አምንሽ ነበር፣ እትዬ።»

ታች ሲደርሱ አባቷ አየር ለመሳብ ቆመና «ባለፈው ክረምትስ የት ድረስ መጣ?» ሲል ጠየቀ።

«አምስተኛው ደረጃ ድረስ።»

የሚንቀጠቀጠው እጁ ሳያዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ እርሳስ አወጣ። «ከበሩ ሲቆጠር ነው ወይስ ከታች?»

አክስቷ ከዘራዋን ተክላ ወደ ድምፁ ዞረች። «አሁን ደግሞ ከየት ልታስወጣኝ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው አፏ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እሱ ግን እርሳሱን እንደያዘ መልሱን ይጠብቃል፤ ሥራ ላይ ነው። አክስቷ ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ በባዶ እጇ ክንዱን ያዘችው፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያውም ጎተተችው።

«ና፤ ራስህ ቁጠረው» አለችው።